ዳኬ ላይ ሁልጊዜ 48 ነው የሚበራው፦ ኮምፒውተርን ከውጫዊ ዳክ ጋር ስለማስማማት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ ላይ የምሰማውን ሙዚቃ ላሻሽል ብዬ ውጫዊ ዳክ (ከኮምፒውተር የሚመጣውን የድምፅ ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይር ሳጥን) ገዛሁ። በዩኤስቢ ስሰካው ዊንዶውስ ወዲያው አወቀው፤ ድምፅም ሰጠ። ግን እንደጠበቅኩት አልሆነልኝም። አንደኛ፣ ዘፈኖቼ አብዛኞቹ ከሲዲ የገለበጥኳቸው ፍላክ ፋይሎች (ጥራታቸው ሳይቀንስ የተጨመቁ) ናቸው፤ ጥቂቶቹ 96 ኪሎኸርዝ ናቸው። የዳኩ ማሳያ ግን ምንም ብከፍት 48 ነው የሚለው። ሁለተኛ፣ ዳኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌለው ከኋላው ካለው የአርሲኤ መውጫ (ክብ የድምፅ መሰኪያ) በአዳፕተር አገናኝቼ አዳምጣለሁ። ድምፁ ደከም ይላል፤ ባሱም ልቅ ነው። ሦስተኛ፣ አምፕሊፋየር በውስጣቸው ካላቸው ስፒከሮች ጋር ሳገናኘው የላፕቶፑ ቻርጀር ከተሰካ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። በጆሮ ማዳመጫ ግን ፉጨቱ የለም። አንድ ጓደኛዬ ጥሩ የዩኤስቢ ኬብል ግዛ ይለኛል። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ዳኩን አይጠርጥሩት፤ ደህና ነው። ኬብሉንም ለጊዜው ይተዉት። የጻፉልኝን ሳነበው ሦስት የማይገናኙ ችግሮች ናቸው የገጠሙዎት። 48 የሚለው ቁጥር የዊንዶውስ ሥራ ነው፤ ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላል። የድምፁ መድከምና የባሱ ልቅነት መሃል ላይ አንድ ዕቃ ስለጎደለ ነው። ጆሮዎ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣውም እሱን መሙላት ነው። ፉጨቱ ደግሞ የኤሌክትሪክ መሬት ጉዳይ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

48 ከየት መጣ?

ላፕቶፑ ላይ ዘፈን ሲከፍቱ ድምፁ ከፋይሉ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ዳኩ ጋ አይሄድም። መጀመሪያ ማጫወቻው ፕሮግራም ፋይሉን ይፈታዋል፤ ከዚያ ለዊንዶውስ ያስረክባል። ዊንዶውስ ውስጥ ሚክሰር አለ። ሥራው በአንድ ጊዜ የሚመጡ ድምፆችን ማደባለቅ ነው፦ ዘፈኑን፣ ብራውዘሩ ላይ የተከፈተውን ቪዲዮ፣ ኢሜይል ሲገባ የሚሰማውን ማሳወቂያ። እነዚህ እንዲደባለቁ ሁሉም አንድ ዓይነት ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰዱ የድምፅ ናሙናዎች ብዛት፤ አንድ ኪሎኸርዝ አንድ ሺህ ነው) ሊኖራቸው ግድ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ አንድ ቁጥር ይይዝና የመጣውን ሁሉ ወደዚያ ይለውጣል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ 48 ኪሎኸርዝ ነው፤ የቪዲዮው ዓለም የሚጠቀምበት ስለሆነ።

ሲዲ ግን ለገበያ ከቀረበበት ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 44.1 ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ በ16 ቢት (ናሙናው በሚጻፍባቸው የ0 እና የ1 አሃዞች ብዛት)። 44.1ን ወደ 48 ለመለወጥ ኮምፒውተሩ በየ147ቱ ናሙና ፈንታ 160 አስልቶ መፍጠር አለበት። ስለዚህ ዳኩ ጋ የሚደርሰው ሲዲው ላይ የነበረው ቁጥር አይደለም፤ ከእሱ ተሰልቶ የወጣ ሌላ ቁጥር ነው። 96 የሆኑት ፋይሎችዎ ደግሞ ግማሽ ናሙናቸው ተጥሎ ነው የሚሄዱት።

ይሄ ድምፁን ያበላሸዋል ወይ? እውነቱን ለመናገር የዛሬ ኮምፒውተሮች ይህን ስሌት በደንብ ይሠሩታል። ዓይንዎን ጨፍነው ቢያዳምጡ ልዩነቱን መለየት ይከብድዎታል። ግን ሚክሰሩ ከዚህ ሌላም የሚነካካው ነገር አለ። ድምፆች ተደራርበው ከጣሪያው እንዳያልፉ የሚይዝ ገዳቢ አለው፤ የዘመኑ ዘፈኖች ደግሞ ብዙዎቹ ጣሪያውን ታክከው የሚቀረጹ ናቸው። «ኢንሃንስመንት» የሚባለው የድምፅ ማሳመሪያም ሳያውቁት ተከፍቶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እኔ መንገዱን አጽዱት ባይ ነኝ። ነፃ ነው፤ ረጅም ጊዜም አይፈጅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ፋይሉ ሳይነካ ዳኩ ጋ መድረሱን አንዴ ካረጋገጡ በኋላ የሚሰሙትን ጉድለት ኮምፒውተሩ ላይ አይፈልጉትም። ፍለጋው በግማሽ ያጥራል።

እንዴት ይስተካከላል?

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። አሁን የማሳይዎት መንገድ የዊንዶውስን ሚክሰር ስለሚያልፈው የዊንዶውስ ቮሊዩምም ላይሠራ ይችላል። ያ ማለት ዘፈኑን ሲጫኑት ድምፁ በሙሉ ኃይሉ ሊወጣ ይችላል። የመጀመሪያውን ዘፈን ከመክፈትዎ በፊት የስፒከሩን ቮሊዩም እስከ መጨረሻው ይቀንሱ። ጆሮ ማዳመጫውንም ከጆሮዎ ያውልቁት። ይህን እንዳይዘልሉት፤ የጆሮ ጉዳት አይመለስም።

ዊንዶውስ ላይ ሳውንድ ኮንትሮል ፓነልን ይክፈቱ። ፕሌይባክ ከሚለው ዝርዝር ዳክዎን ይምረጡና ፕሮፐርቲስ ውስጥ ይግቡ። ኢንሃንስመንት የሚል ገጽ ካለ ሁሉንም ያጥፉ። ቀጥሎ አድቫንስድ የሚለውን ይክፈቱ። እዚያ ሁለት ነገር አለ። ላይ ያለው 48 የሚለው ቁጥር ራሱ ነው፤ 24 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ያድርጉት። ከሥሩ ፕሮግራሞች ዳኩን ለብቻቸው እንዲይዙ የሚፈቅድ ምልክት አለ፤ «ኤክስክሉሲቭ» የሚል ቃል አለበት። ምልክቱ መኖሩን ያረጋግጡ።

ከዚያ ማጫወቻው። ለዊንዶውስ ብዙ አለ፤ እኔ የምመክረው ፉባር 2000ን ነው። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ ኮምፒውተሩን አያደክምም። ፕሪፈረንስስ ውስጥ ይግቡና ፕሌይባክ ሥር አውትፑት የሚለውን ይጫኑ። የድምፅ መሣሪያዎቹ ዝርዝር ይመጣል። አዲሶቹ የፉባር ቅጂዎች ላይ የዳክዎ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ያገኙታል፤ አንዱ ባዶውን፣ ሌላው «ኤክስክሉሲቭ» የሚል ተጨምሮበት። ሁለተኛውን ይምረጡ። ቢት ዴፕዝ የሚል ምርጫ ካለ 24 ያድርጉት። ይህ ዋሳፒ የሚባለው የዊንዶውስ መንገድ ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለ ነው። አምራቹ አዚዮ የሚባል ድራይቨር (መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ከሰጠዎት እሱም ይሠራል፤ ግን አዚዮ የተሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ለሚቀርጹ ሰዎች ነው። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ከዋሳፒ የተሻለ ድምፅ አይሰጥም።

አሁን ከሲዲ የገለበጡትን አንድ ዘፈን ይክፈቱና ማሳያውን ይዩ። 44.1 ማለት አለበት። ቀጥሎ ከ96ቶቹ አንዱን ይክፈቱ። በሁለቱ ዘፈኖች መካከል አንድ አፍታ ዝም ይላል፤ አንዳንድ ዳክ «ቀጭ» የሚል ድምፅም ያሰማል። ናሙናዎቹ የሚወጡበትን ፍጥነት የሚመታውን የውስጥ ሰዓቱን እየቀየረ ነው፤ ጤነኛ ነው። ከዚያ 96 ይላል። ይህን ካዩ የኮምፒውተሩ ወገን አለቀ።

ቁጥሩ አሁንም አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ፕሮግራም ዳኩን ይዞት መሆኑ ነው። ብራውዘሩን ይዝጉና እንደገና ይሞክሩ። ማጫወቻው ውስጥ ዲኤስፒ በሚለው ሥር ሪሳምፕለር የሚባል ሳምፕል ሬት የሚቀይር ነገር ተጨምሮ እንደሆነም ይዩ።

ዳኩ ከ96 በላይ አልወጣ ካለዎት ደግሞ ዩኤስቢ ኦዲዮ ክላስ 1 (ድምፅ በዩኤስቢ የሚላክበት የቆየው ደንብ) ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ያኛው ጣሪያው 96 ነው። አንዳንድ ዳኮች ከክላስ 1 ወደ 2 የሚቀይሩበት ማብሪያ አላቸው። ዊንዶውስ 10 ከ2017 ዓ.ም (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ክላስ 2ን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቃል። ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ የአምራቹን ድራይቨር መጫን ግድ ነበር።

ማክ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ የሚባል ፕሮግራም ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሬቱን እዚያ ይመርጣሉ። በዘፈን ዘፈን ራሱ አይቀያይርም፤ እንዲቀያይር ከፈለጉ ይህን የሚያደርግ ማጫወቻ ያስፈልግዎታል። ሊኑክስ ላይ ፓይፕዋየር (ድምፁን የሚያስተላልፈው የሲስተሙ ክፍል) ያለው ሰው የተፈቀዱ ሬቶችን ዝርዝር ሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ ቢጨምር በቂ ነው፤ ካልጨመረ እሱም ሁሉንም ወደ 48 ይወስደዋል።

በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያዳምጡ ከሆነ፣ በብራውዘር የሚመጣው ሁሉ በሚክሰሩ ማለፉ አይቀርም። ለዚህ ነው ቁጥሩን 44.1 ያድርጉት ያልኩት፤ አብዛኛው ሙዚቃ 44.1 ስለሆነ። አንዳንድ አገልግሎቶች ኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ፕሮግራማቸው ውስጥ የኤክስክሉሲቭ ምርጫ አላቸው። ካገኙት ይክፈቱት።

ቮሊዩሙን የት ልቀንስ?

አልጠየቁም፤ ግን መንገዱን እንዳጸዱ ወዲያው የሚመጣ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተር ላይ ቮሊዩም ሲቀንሱ የሚሆነው ቁጥሮቹ በሌላ ቁጥር መባዛታቸው ነው። በየ6 ዴሲቤሉ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ቅነሳ አንድ ቢት ያህል ይጠፋል። 16 ቢት ብቻ እየላኩ 24 ዴሲቤል ቢቀንሱ የሚቀርዎት 12 ቢት ገደማ ነው። 24 ቢት ከላኩ ግን ከሲዲው 16 ቢት በታች 8 ትርፍ ቢት አለ። እስከ 48 ዴሲቤል ቢቀንሱም ከዘፈኑ አንድ ቢት አይነካም። ከላይ 24 ቢት ይምረጡ ያልኩዎት ለዚህ ነው።

ቢሆንም ምርጫ ካለ የኮምፒውተሩን ሙሉ አድርገው ድምፁን አምፕሊፋየሩ ላይ ቢቀንሱ ይሻላል። የቢት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አምፕሊፋየሩ ላይ ሲቀንሱ ከዳኩ የሚመጣው ትንሽ ሹክሹክታም አብሮ ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ላይ ከቀነሱ ሹክሹክታው ባለበት ይቀራል።

የጎደለው ዕቃ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጆሮ ማዳመጫዎን ከዳኩ የኋላ መውጫ ጋር ማገናኘትዎን ይተዉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ አዳፕተሩ በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ሲሰኩትም ድምፅ ስለሚሰጥ ትክክል ይመስላል። ግን ያ መውጫ «ላይን አውት» ነው። የተሠራው ለአምፕሊፋየር ሲግናል ለማቀበል ነው። የአምፕሊፋየር መግቢያ ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፤ በኦም ይለካል፣ ሲያንስ ሸክሙ ይከብዳል) ብዙውን ጊዜ 10,000 ኦምና ከዚያ በላይ ነው፤ ከዳኩ የሚወስደው ኃይል ከምንም አይቆጠርም። የጆሮ ማዳመጫ ግን ብዙው 32 ኦም አካባቢ ነው። ከ300 ጊዜ በላይ የከበደ ሸክም ጫኑበት ማለት ነው።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ላይን አውት ሙሉ ሲሆን በተለመደው 2 ቮልት ይሰጣል። የራሱ የመውጫ ኢምፒዳንስ 200 ኦም ነው እንበል። 32 ኦም ማዳመጫ ሲሰኩበት ቮልቱ በሁለቱ መካከል ይከፋፈላል። ለማዳመጫው የሚደርሰው ከ232 እጅ 32ቱ ብቻ ነው፤ 0.28 ቮልት ገደማ። 17 ዴሲቤል መንገድ ላይ ቀረ። ድምፁ የደከመው ለዚህ ነው።

ባሱስ? ማዳመጫ 32 ኦም ነው ሲባል ለሁሉም ድምፅ 32 ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ማዳመጫዎች ባሱ አካባቢ ኢምፒዳንሳቸው ከፍ ይላል። የእርስዎ 100 ኸርዝ ላይ 80 ኦም ደርሷል እንበል። እዚያ ላይ ስሌቱ ከ280 እጅ 80 ይሆናል፤ 0.57 ቮልት። ማለትም 100 ኸርዝ አካባቢ ያለው ባስ ከሌላው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል። ዘፋኙ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቤዝ ጊታሩ ያብጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ መውጫው የማዳመጫውን ዲያፍራም (እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚፈጥረውን ስስ ሽፋን) ጠበቅ አድርጎ መያዝ ስለማይችል ምቱ ካለቀ በኋላም ዲያፍራሙ ትንሽ ይወዛወዛል። «ልቅ» ያሉት ይህን ነው፤ ጆሮዎ በትክክል ሰምቷል። ዳኩ ውስጥ ያለችው የመውጫ ቺፕም ለዚህ ሸክም ስላልተሠራች ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት መዛባት ትጀምራለች።

መፍትሔው የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር ነው። ትንሽ ሳጥን ነው፤ በዳኩና በማዳመጫው መሃል ይገባል። ሲመርጡ ሁለት ቁጥር ይዩ። የመጀመሪያው የመውጫ ኢምፒዳንስ ነው፤ ከማዳመጫው ኢምፒዳንስ አንድ ስምንተኛ መብለጥ የለበትም። ለ32 ኦም ማዳመጫ 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች። ጥሩዎቹ ከ1 ኦም በታች ናቸው። ሁለተኛው ጌን ነው፤ አምፕሊፋየሩ ሲግናሉን ስንት ጊዜ እንደሚያሳድገው። ዳክዎ 2 ቮልት ስለሚሰጥ ብዙ ጌን አያስፈልግዎትም። ጌኑ ከፍ ያለ ከሆነ የቮሊዩሙን ቁልፍ ገና ትንሽ ሲያዞሩት ድምፁ ይጮህብዎታል፤ የቀኝና የግራው ድምፅም እዚያ ቁልፉ መጀመሪያ ላይ እኩል አይሆንም። ዝቅተኛ ጌን የሚመርጡበት ማብሪያ ያለውን ይውሰዱ። ስለ ዋቱ ብዙ አይጨነቁ። 32 ኦም ማዳመጫ በ1 ቮልት የሚወስደው 31 ሚሊዋት ገደማ ነው፤ ለአብዛኞቹ ማዳመጫዎች ይህ ጆሮ ለመጉዳት የሚበቃ ድምፅ ነው።

ፉጨቱ

እዚህ ላይ ራስዎ ግማሹን ምርመራ ሠርተዋል። ቻርጀሩ ሲነቀል ይጠፋል፤ በጆሮ ማዳመጫም የለም። እነዚህ ሁለት ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ ግራውንድ ሉፕ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ተጨማሪ ነገር ይሞክሩ፤ ስፒከሩ በርቶ ማውሱን ያንቀሳቅሱ ወይም ከበድ ያለ ገጽ ከፍተው ወደ ታች ይውረዱ። ፉጨቱ አብሮ ከተለዋወጠ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ግርግር በቀጥታ እየተሰማዎት ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ቻርጀሩ በግድግዳው ሶኬት በኩል መሬት ይነካል። ስፒከሮቹም በራሳቸው ገመድ መሬት ይነካሉ። ሁለቱ ደግሞ በዩኤስቢውና በአርሲኤ ኬብሉ የውጭ ሽፋን በኩል ተገናኝተዋል። ክብ መንገድ ተፈጠረ። በዚያ ክብ የሚዞረው ኤሌክትሪክ በአርሲኤው ሽፋን ሲያልፍ ሽፋኑ የድምፁም መመለሻ መስመር ስለሆነ ከሙዚቃው ጋር ይደባለቃል። የጆሮ ማዳመጫ ሌላ የመሬት ግንኙነት ስለሌለው ክቡ አይገጥምም፤ ለዚህ ነው ዝም ያለው።

ከቀላሉ ይጀምሩ። ላፕቶፑንና ስፒከሮቹን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። ክቡ ስለሚጠብ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ዳኩና ስፒከሮቹ ሁለቱም ባላንስድ (ድምፁን በሁለት የውስጥ ሽቦዎች የሚያስተላልፍ) መግቢያና መውጫ እንዳላቸው ይዩ። ካላቸው ነገሩ ተፈታ፤ ባላንስድ ኬብል ላይ ሽፋኑ ድምፅ ስለማይሸከም በእሱ የሚያልፈው ግርግር ሙዚቃው ውስጥ አይገባም። ሌላው ጥሩ መንገድ ኦፕቲካል ነው። በብርሃን ስለሚሄድ በኮምፒውተሩና በዳኩ መካከል የብረት ግንኙነት አይኖርም፤ ክቡ ተቆረጠ ማለት ነው። ላፕቶፖች ላይ የኦፕቲካል መውጫ ብዙም የለም፤ ግን ከዩኤስቢ ወደ ኦፕቲካል የሚቀይሩ ትናንሽ ዕቃዎች አሉ። 96 ድረስ በደህና ይሄዳል፤ 192 ላይ ሁሉም አይሳካለትም።

አርሲኤው ላይ የሚገባ የትራንስፎርመር አይሶሌተርም (የኤሌክትሪክ ግንኙነቱን የሚቆርጥ ዕቃ) አለ። ፉጨቱን ያጠፋል፤ ግን ርካሾቹ ዝቅተኛውን ባስ ይበሉታል። የዩኤስቢ አይሶሌተር ከገዙ ደግሞ ፍጥነቱን አይተው ይግዙ፤ ብዙዎቹ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፉ ናቸው። ለክላስ 1 ይበቃል፤ ዳክዎ ክላስ 2 ከሆነ ግን ወይ ሬቱ ይወርዳል ወይ ጭራሽ አይነሳም።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አያድርጉ። የመሬቱን እግር ከሶኬት ሰኪው ላይ መንቀል ወይም መሸፈን ፉጨቱን ያጠፋዋል፤ ይህን የሚመክር ሰውም አይጠፋም። ያ እግር ዕቃው ውስጥ ገመድ ቢላቀቅ ሕይወትዎን የሚያተርፍ ነው። ለሙዚቃ ሲባል የሚነካ ነገር አይደለም።

ኬብሉ፣ ሰዓቱና ፋይሎቹ

ጓደኛዎ ክፉ አላሰበም፤ ግን ኬብሉ ከሦስቱም ችግሮች ውስጥ የለበትም። በዩኤስቢ የሚሄደው ቁጥር ነው። 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ በሰከንድ 4.6 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ የዩኤስቢ 2 መስመር 480 ነው። ኬብሉ የእውነት የተበላሸ ከሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይቆራረጣል ወይም ዳኩ ከነጭራሹ ይጠፋል። ድምፁን «ጨለም ያለ» ወይም «ሞቅ ያለ» የሚያደርግበት መንገድ የለውም። ከ5 ሜትር ያላለፈና ጠበቅ ብሎ የሚሰካ ተራ ኬብል በቂ ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ። የዛሬ ዳኮች አብዛኞቹ አሲንክሮነስ የሚባለውን አሠራር ይጠቀማሉ። ዳኩ የራሱ ክሪስታል ሰዓት አለው፤ ኮምፒውተሩን «አሁን ጨምር፣ አሁን ቀንስ» እያለ ያዘዋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ጠጪው እንጂ ቀጂው አይደለም። ስለዚህ ላፕቶፑ ቢፈጥንም ቢዘገይም ድምፁ በዳኩ ሰዓት ነው የሚወጣው።

ወደፊት መቆራረጥ ቢገጥምዎት ኬብሉን ከመጠርጠርዎ በፊት ዳኩን ከሃብ (ከዩኤስቢ ማከፋፈያ) ነቅለው ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት። ማጫወቻው ውስጥ በፈሩን (ድምፁ ቀድሞ የሚጠራቀምበትን ቦታ) ከፍ ያድርጉት። የዊንዶውስ ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢን የሚያስተኛውን ምርጫ ያጥፉ። ከዚህ አያልፍም።

ስለ 96ቱ ፋይሎች ትንሽ ልበል። 44.1 እስከ 22 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ሁሉ ይይዛል። የሰው ጆሮ ጣሪያው 20 ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር እየወረደ ይሄዳል። 16 ቢት ደግሞ ከጣሪያው እስከ ወለሉ 96 ዴሲቤል ስፋት አለው። ለማዳመጥ ይበቃል። አንድ አልበም በ96 የተሻለ ቢመስልዎት ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ያለው ማስተሪንጉ (አልበሙ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግለት የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ላይ ነው፤ ሌላ ባለሙያ ሌላ ጊዜ ሠርቶት ይሆናል። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የትኛው ቅጂ እንደሆነ ይዩ። ኤምፒ ስሪን ወደ ፍላክ የለወጠ ፋይልም ይገጥምዎት ይሆናል። መጠኑ ያድጋል እንጂ የጠፋው አይመለስም። ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የድምፁን ስፋት በሥዕል ያሳያል። ፍላክ የተባለው ፋይል 16 ኪሎኸርዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ከታየዎት ምንጩ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ኤምፒ ስሪ መሆኑን መጠርጠር አለብዎት።

አምፕሊፋየሩ ሲመጣ

አዲሱን ሰንሰለት ከላፕቶፑ የራሱ ጃክ ጋር ማወዳደር ይፈልጋሉ፤ ማንም ይፈልጋል። ያወዳድሩ፤ ግን ድምፃቸውን መጀመሪያ እኩል ያድርጉ። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁልጊዜ «የጠራ» አድርጎ ይሰማዋል፤ የ1 ዴሲቤል ልዩነት ሰውን ሙሉ በሙሉ ለማሳሳት ይበቃል። በጆሮ ማስተካከል አይቻልም። ተራ መልቲሜትር ካለዎት የ60 ኸርዝ ቶን (አንድ ወጥ ድምፅ) ይክፈቱ፣ ሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ ያድርጉና ማዳመጫው እንደተሰካ የጃኩን ቮልት ይለኩ። የሁለቱ ንባብ በ1 ከመቶ ውስጥ እስኪገናኝ ቮሊዩሙን ያስተካክሉ። ቶኑን ሲለኩ ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ አያድርጉት።

ከዚያ ሌላ ሰው ይቀያይርልዎት፤ የትኛው እንደሆነ ሳይነግርዎት። በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን ይምረጡ፤ ሰው የሚዘፍንበትና ቤዝ ጊታሩ ለብቻው የሚሰማበት ቦታ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። ልዩነቱን በተደጋጋሚ ከለዩ ዳኩም አምፕሊፋየሩም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። መለየት ካቃተዎት የላፕቶፑ ጃክ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር ማለት ነው፤ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ዳክ ለመግዛት አይነሱ። ገንዘብዎን ይያዙና ለተሻለ ጆሮ ማዳመጫ ያውሉት።